ያልፈረምሁበት የርክክብ ወረቀት

ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሦስት ጊዜም ሳልፈርም መለስሁት።

አጭር ወረቀት ነበር። ከማሽን ክፍሉ ሁለት ስዊቾች ተነቅለው ለመሰብሰቢያ አዳራሹ ይሰጡ ዘንድ ቁልፍ ያዧ ተስማምታ ታስረክብ ይላል። ቁልፍ ያዧ እኔ ነበርሁ። ስዊች የሚባለው የኔትወርክ ኬብሎች የሚሰኩበት፣ ፊቱ በቀዳዳ የተሞላ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ለማያውቀው ሰው ከመደርደሪያ ላይ ሁለት ሳጥን ማንሳት ምንም አይደለም። እምቢታዬ ለብዙዎቹ የአሮጊት ግትርነት መሰላቸው። ግትር መሆኔን አልክድም። ምክንያት ግን ነበረኝ፤ እሱን ነው የምጽፈው።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረስሁ የገባሁት ጎንደር ስልክ ቤት ነው። ያን ጊዜ ስልክ የሚገናኘው በሰው እጅ ነበር። ፊታችን ቀዳዳ የበዛበት ሰሌዳ፣ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ፣ እጃችን ላይ ገመድ። ደባርቅ የሚፈልግ ሰው ሲደውል ገመዱን ደባርቅ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። ሥራው ማገናኘት ይመስላል። ዋናው ግን ማለያየት ነበር። የአንዱ ነጋዴ ነገር ወደ ሌላው ጆሮ ከገባ ጥፋቱ የኛ ነው። እኔም አንድ ቀን ሁለት መስመር አደባልቄ የአንድ ቤት መርዶ ሌላ ቤት ደረሰ። ሰዎቹ ደረታቸውን ሲደቁ ዋሉ። ሟቹ የነሱ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ገመዶቼ ላይ ባለ ቀለም ክር ማሰር ጀመርሁ፤ ጡረታ እስክወጣም ሌላ መስመር አላደባለቅሁም።

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ቆይቶ፣ የሕሙማን ምስልና ካርድ የሚያከማች አንድ መሥሪያ ቤት ለማሽን ክፍሉ ቁልፍ ያዥ ፈለገ። ወሬ የማታበዛ ሰው አሉ። እኔን የጠቆመ ሰው ነበር፤ በኮንትራት ገባሁ። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ አየር ይነፋበታል። ክረምት ከበጋ ጋቢ ደርቤ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። የገባ የወጣውን እመዘግባለሁ።

ውስጥ ስድስት ትልልቅ ማሽኖች አሉ። በስድስቱ ላይ ሦስት ጎተራዎች ተቀምጠዋል። መሐንዲሶቹ ክላስተር ይሏቸዋል፤ እኔ ጎተራ እላቸዋለሁ። አንደኛው ከደባርቅና ከአዲ አርቃይ በኩል በመስመር የሚላከውን ራጅ ይይዛል። ሁለተኛው የሕሙማን ካርድ ነው። ሦስተኛው ሠልጣኞች የሚለማመዱበት ነው፤ ውስጡ ያለው ቢጠፋም የሚያለቅስ የለም። እያንዳንዱ ጎተራ የተሰጠውን ሁሉ ሦስት ቦታ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ አንድ ማሽን ቢሞት ሁለት ቅጂ ይተርፋል።

ጎተራዎቹ ግን የየራሳቸው ማሽን የላቸውም። ስድስቱ ማሽኖች ውስጥ ውስጡን በሶፍትዌር ተከፋፍለው፣ ሦስቱም በየማሽኑ ክፍል ክፍል ተሰጥቷቸዋል። ክፍሉን የምትመራው መሐንዲስ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ፈጣን፣ አፏም የማያርፍ ሴት ነበረች። ይህን ስታስረዳኝ «አንድ ቤት በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ለሦስት ሰው እንደ ማከራየት ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። እኔም አከራይ ነኝ።

ግቢዬ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሦስት ክፍል አከራያለሁ። ታችኛዋ ክፍል ጠላ ጠማቂ፣ መካከለኛዋ ሾፌር፣ ላይኛዋ ከልጆቿ ጋር የምትኖር አስተማሪ አሉባቸው። ሦስቱም በደህና ግድግዳ የተለዩ ናቸው። ውሃቸው ግን ከአንድ ቆጣሪ በአንድ ቧንቧ ይመጣ ነበር። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ውሃ መጣ ሲባል ሦስቱም እኩል ይከፍታሉ፤ ጠማቂዋ በርሜሎቿን ደርድራ ትጠብቃለች፤ ላይኛዋ ጋ ጠብ አይልም።

«ኧረ ከቧንቧው ነፋስ ብቻ ነው የሚወጣ» ትላለች አስተማሪዋ ከላይ ሆና።

«እንግዲያ ገብስ አምጭና አናፍሽበት» ትላታለች ጠማቂዋ ከታች።

ሲሰዳደቡ ይውላሉ። ማንም ክፉ አልነበረም። ጠማቂዋም የምትቀዳው የሚያስፈልጋትን ነው። ግድግዳ ሰውን ይለያል እንጂ ውሃን እንደማይለይ ያኔ ተረዳሁ። ውሃ ቢሮ ሄጄ ሦስት ቆጣሪ ይግባልኝ ብዬ ስጠይቅ ለአንድ ግቢ ሦስት ቆጣሪ ምን ይሠራል ብለው ሳቁብኝ። ሰኞ ሰኞ እየሄድሁ ወንበራቸው ላይ ተቀመጥሁ። ሲሰለቻቸው አስገቡልኝ። ከመንገዱ ትልቅ መስመር ለየክፍሉ የየራሱ ቧንቧ ተሳበ። አሮጌው ቧንቧ ሳይነቀል፣ በመዝጊያው ተዘግቶ ግድግዳው ውስጥ ቀረ።

ወደ ማሽኖቹ ልመለስ። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ በአንድ ጠዋት መጣ። ስድስቱም ማሽኖች እኩል ተነሱ፤ ጎተራዎቹም እኩል ነቁ። ሠልጣኞቹ የማይረባ ነገር ቆልለው፣ ግማሹ ሳይገለበጥ ነበር መብራቱ የሄደባቸው። ስለዚህ የመለማመጃው ጎተራ ገና እንደ ነቃ መገልበጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የሦስቱም ኬብል የሚሰካው አንድ ስዊች ላይ ነው። የስዊቹ መብራቶች ያለማቋረጥ ይርገበገቡ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ራጁን ከሚያዩት የሆስፒታል ሐኪሞች ስልክ መጣ፤ ራጅ አይከፈትም።

መሐንዲሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያለች።

«ተበላሸ?» አልኋት።

«አልተበላሸም። እትዬ፣ እነዚህ ማሽኖች በየሰከንዱ ‹አለህ?› ይባባላሉ። መስመሩ ከተጨናነቀ መልሱ ይዘገያል። መልስ የዘገየበት ደግሞ ጓደኛዬ ሞተ ይላል። ከዚያ ሟቹ ዘንድ የነበረውን ከሌላው ቅጂ እንደገና መገልበጥ ይጀምራል።»

«ሳይሞት?»

«ሳይሞት። መገልበጡ መስመሩን ይበልጥ ይዘጋዋል። ሌላውም ይዘገያል፤ እሱም ሞተ ይባላል።»

«የውሸት መርዶ ነዋ።»

«ከመርዶም አልፏል። ሁሉም በቁሙ የራሱን ተዝካር እየበላ ነው።»

እንዲህ እያወራን ሳለ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ከአዲ አርቃይ ገጠር ነበር የመጣች፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይሆናል። አባቷ ከገደል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ደባርቅ ራጅ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ወጌሻ አሸው። አሁን እግሩ አብጦ ጎንደር አምጥታዋለች። ሐኪሙ ለመቅደድ ወይም ለመተው የመጀመሪያውን ራጅ ካሁኑ ጋር አስተያይቶ መወሰን አለበት። የሚጠብቁት እሱን ነው። ማን እንደ ላካት አላውቅም፤ ጠይቃ ጠይቃ እኛ ጋ ደርሳለች።

«እቴ፣ ያባቴ አጥንት እዚህ ቤት ነው ያለ አሉኝ» አለችኝ። «ምነው ታዲያ አይወጣ?»

ክፍሉን ባይኗ ትፈልጋለች። «ይወጣል፤ ተቀመጭ» ብዬ ወንበሬን ሰጠኋት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠች። መሐንዲሷ በመጨረሻ የመለማመጃውን ጎተራ ጨርሳ አጥፍታ መስመሩን ስታስለቅቅ ራጁ ተከፈተ። ቀዳጁ ሐኪም ግን ወጥቶ ነበር። ነገ አሏቸው። የሚያርፉበት ስላልነበራቸው ቤቴ አሳደርኋቸው። ሽማግሌው እስኪነጋጋ ድረስ አልተኛም፤ አላቃሰተምም። በማግስቱ ተቀደደ። ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ያች አንድ ቀን ምን እንደ ጎዳችው ሐኪሙ አልተናገረም። እኔም አልናገርም።

መሐንዲሷ መስመሩ ይለይ ብላ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቃ ነበር። መልስ አልመጣላትም። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ግን ሁለት ስዊቾች ከነካርቶናቸው አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። የማሽን ክፍሉ ዕቃ ስለሆኑ በቁልፍ ያዥ ፊርማ ይወጣሉ። ፈርሜ አወጣኋቸው። ማንንም አልጠየቅሁም።

ሁለት ቀን ሠራን። በየማሽኑ ጀርባ ያሉትን ቀዳዳዎች አከፋፈለቻቸው፤ ለየጎተራው የየራሱ ቀዳዳ፣ የየራሱ ኬብል፣ የየራሱ ስዊች። እሷ ኬብል ትቆርጣለች፤ እኔ ከወዲህና ከወዲያ ጫፉ ላይ ክር አስራለሁ። ለራጁ ቀይ፣ ለካርዱ ነጭ፣ ለመለማመጃው ጥቁር።

«እትዬ፣ ማተብ አሰሩላቸው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ። እንዳይክዱ።»

መብራት ደግሞ ጠፋ፤ ደግሞ መጣ። የመለማመጃው ስዊች እንደ ልማዱ መርገብገብ ጀመረ። ቀይ ክር የታሰረበት ረጋ ብሎ ብልጭ ብልጭ ይላል። ሐኪሞቹ ጋ ደውላ ጠየቀች፤ ራጅ ይከፈታል። ስልኩን ዘግታ ወደ ጥቁሩ አየችና «አንተ ብቻህን አልቅስ» አለችው።

ወረቀቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዶች ሊመጡ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ በቪዲዮ ስብሰባ ይደረጋል፤ ስዊች ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የንብረት መዝገብ ሲያገላብጥ ሁለቱን አገኛቸው። የመጀመሪያውን ወረቀት በጸሐፊ ላከው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ራሱ ይዞት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«እትዬ፣ እርስዎ ቁልፍ ያዥ ነዎት፤ መሐንዲስ አይደሉም።»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ቁልፉን ያዝሁ።»

«መስመሩ አንድ ቢሆን ምንም አይሆንም። በሶፍትዌር ይለያል። አንዱ ስዊች ውስጥ ሦስት መንገድ ይሰመራል፤ አንዱ ሌላውን አያየውም።»

መሐንዲሷ ከማሽኖቹ ኋላ ብቅ አለች። «ባይተያዩም የሚያልፉት በአንድ ኬብል ነው፣ ጌታዬ። ስማቸው ይለያል እንጂ ጉልበታቸው አይለይም። አንዱ ኬብሉን ከሞላው ሌላው ባዶውን ይቀራል።»

«ከአንቺ ጋር በኋላ እንነጋገራለን» አላት። ወደኔ ዞረ። «ይፈርሙልኝ።»

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«ቧንቧ ውስጥ ቀለም ቢቀቡ ውሃው ስለማይለይ።»

ፈገግ አለ። ውሃና ዳታ ምን አገናኛቸው አለ። እምቢታዬንም በጽሑፍ እንዳቀርብ፣ የንብረት ኮሚቴው እንደሚያየው ነገረኝ። ደግሞ ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን ቀስ ብሎ አስታወሰኝ። እሱንም አውቅ ነበር።

ያችን ሴት አሰብኋት፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ የአባቷን አጥንት የምትጠብቀውን። ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነበር፤ «ምክንያቴን በቃል ብናገር አይገባም። ሐሙስ ጠዋት የሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ነው። ኮሚቴው ግቢዬ ይምጣና በዓይኑ ይይ። ካየ በኋላም ውሰዱ ካለ ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜም አልፈርምም።»

ይመጣሉ አላልሁም ነበር። መጡ። ኃላፊውና ሁለት የኮሚቴ አባላት፤ አንደኛው ፀጉሩ የሸበተ የግምጃ ቤት ሰው ነው። መሐንዲሷም ተከትላ መጣች። ውሃ ከመምጣቱ በፊት ሦስቱን አዲስ ቧንቧዎች ዘጋሁ። አሮጌውን፣ ለሦስቱም አንድ የነበረውን ከፈትሁ። ለጠማቂዋ የነገርኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃሽን እንደ ድሮሽ ቅጂ። ለኃላፊው ባዶ ጀሪካን ሰጥቼ ላይኛዋ ቧንቧ ሥር አቆምሁት።

«ይህ እንግዲህ የአዲ አርቃይ ሰዎች ራጅ ነው» አልሁት። «ታች ያለው በርሜል ሠልጣኞቹ ናቸው። ይቅዱ።»

ውሃው መጣ። ታች በርሜሉ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ሾፌሩም ከፈተ። ላይ ያለው ቧንቧ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፤ ከዚያ ነፋሱን ብቻ ነፋ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ሱፍ ለብሶ ጀሪካን ይዞ ቆመ። ቆመ። አስተማሪዋ ልጇን አዝላ በሯ ላይ ሆና ታየዋለች።

ጠማቂዋ ከታች ቀና አለች። «ጌታው፣ ገብስ ላምጣልዎት?»

ግምጃ ቤቱ ሰው መሬት መሬት እያየ ሳቀ። ነገሩን ማንም አላስረዳውም፤ አስተማሪዋ ብቻ «እኔ ሦስት ዓመት እንዲህ ቆሜአለሁ» አለች።

ኃላፊው ሞኝ አይደለም። ጀሪካኑን አስቀምጦ «የመንገዱም መስመር እኮ አንድ ነው» አለኝ። «እሱ ሲዘጋ ሦስት ቆጣሪዎ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም። መብራቱም አንድ ነው፤ እሱንም አልለየሁትም። እኔ የምለየው እጄ የደረሰበትን ነው። እጄ የደረሰበትን ግን አንተ መልሰህ አታደባልቅብኝም።»

አንተ ያልሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አፌ ላይ መጣ፤ አልመለስሁትም።

ከዚያ አሮጌውን ዘግቼ ሦስቱን ከፈትሁ። ላይኛው ቧንቧ ቀጭን ሆኖ፣ ሳያቋርጥ ይወርድ ጀመር። ጠማቂዋ ታች ትቀዳለች፤ ይህም ይወርዳል። ጀሪካኑ እስኪሞላ ሁላችንም ቆመን አየነው። ሲሞላ አስተማሪዋ «አንዴ ካነሱት አይቀር ደጄ ያድርሱልኝ» አለችው። ተሸክሞ አደረሰላት። ይህን ለሱ መመስከር አለብኝ።

ሽበታሙ የግምጃ ቤት ሰው ሲወጣ ወረቀቱን ከኃላፊው እጅ ተቀብሎ አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አዳራሹ ሌላ ይፈለግለታል» አለ። ሌላም ተፈለገለት። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ፤ ስክሪኑ ሠራ አልሠራ አልጠየቅሁም። ስዊቾቹ ከነክራቸው መደርደሪያቸው ላይ ቀሩ።

ኮንትራቴ አልታደሰም። ደብዳቤው ላይ ዕድሜዬን ነው የጻፉት፤ ዕድሜዬ ደግሞ እውነት ነው። መሐንዲሷ አቤት እንበል ብላ ተነሳች፤ ተቀመጭ አልኋት። የምፈልገው ወንበሩን አልነበረም። ቁልፉን ለሷ ሳስረክብ እንደ ደንቡ የርክክብ ወረቀት መጣ። ዕቃዎቹ ተዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ ሥር በእጄ ጻፍሁበት፤ ቀዩ የራጅ፣ ነጩ የካርድ፣ ጥቁሩ የመለማመጃ ነው፤ አንዱም ከሌላው ስዊች ላይ አይሰካም። እሷ ከፈረመች በኋላ እኔም ፈረምሁ። በዚያ ቤት ካኖርኋቸው ፊርማዎች ሁሉ እሱ ደስ ይለኛል።

አሁን ቤቴ ነው የምውል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል።

«መጣ፣ እትዬ» ትለኛለች።

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም ተነሱ። ጥቁሩ ያለቅሳል።»

«ቀዩስ?»

«አሁን ከደባርቅ አንድ እየተቀበለ ነው።»

ከዚህ በላይ አናወራም። ስልኩን ዘግቼ፣ ፈረቃችን ከሆነ፣ ቧንቧዬን ከፍቼ እቀዳለሁ።